በናሚቢያ የአጽም ዳርቻ በሦስት መኪና ለመጓዝ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂው ያቀረቡት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ዘጠኝ ጓደኛሞች በጃንዋሪ ወር በናሚቢያ የአትላንቲክ ጠረፍ፣ የአጽም ዳርቻ ወይም ስኬሌተን ኮስት በሚባለው ምድረ በዳ፣ በሦስት የኪራይ መኪኖች ለስድስት ቀን ሊጓዙ አስበዋል። ሁለቱ መኪኖች ባለ ሁለት ጋቢና ፎርዊል ፒክአፖች ሲሆኑ ሦስተኛው ዝቅ ያለ የቤት አውቶሞቢል ነው። ከስዋኮፕሙንድ ከተማ ተነስተው ወደ ሰሜን በመውጣት ቶራ ቤይ ላይ ድንኳን ተክለው ያድራሉ፣ ቴራስ ቤይን ያያሉ፣ ከዚያም «አሸዋው ካልከበደን የባሕሩን ዳር ይዘን እስከ ኩኔኔ ወንዝ አፍ ብንቀጥልስ?» ይላሉ። ሦስት መኪና ይበቃ እንደሆነ፣ ነዳጅና ውሃ ምን ያህል መያዝ እንዳለበት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምን ሊፈሩ እንደሚገባ ጠይቀዋል። እኔ በዚህ መንገድ ላይ ለዓመታት ቡድን እየመራሁ የሄድኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ መልሴን አስቀድሜ እናገራለሁ። እስከ ቴራስ ቤይ ያለው ጉዞ በሚገባ ለተዘጋጀ ቡድን የሚቻል ነው። የኩኔኔው ሐሳብ ግን ከወዲሁ ይሰረዝ። አጥብቃችሁ ልትፈሩት የሚገባው ነገር ደግሞ እርስ በርስ መጠፋፋት ነው።

የኩኔኔውን ጉዳይ ላስቀድም። የስኬሌተን ኮስት ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1971 የተከለለ ሲሆን ከኡጋብ ወንዝ ጀምሮ እስከ አንጎላ ድንበር፣ ማለትም እስከ ኩኔኔ ድረስ፣ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዘረጋል። በራሱ መኪና የመጣ መንገደኛ የሚሄደው በደቡቡ ክፍል፣ እስከ ቴራስ ቤይና በአካባቢዋ ለዓሣ አጥማጆች እስከተፈቀዱት ቦታዎች ብቻ ነው። ከሆአኒብ ወንዝ በስተሰሜን ያለው ምድር ፈቃድ በተሰጣቸው ጥቂት አስጎብኚ ድርጅቶች በኩል፣ አብዛኛውን ጊዜም በትንሽ አውሮፕላን፣ ካልሆነ አይረገጥም። ይህን ክልከላ የቢሮክራሲ ጣጣ ብቻ አድርጋችሁ እንዳታዩት አደራ እላለሁ። በዚያ በኩል የአሸዋው ኮረብታ እስከ ባሕሩ ከንፈር የሚወርድበት ቦታ አለና፣ ማዕበሉ በሸሸበት ሰዓት ሰፊ መስሎ የታየው የባሕር ዳር ውሃው ሲመለስ በኮረብታውና በሞገዱ መካከል ከመኪና ወርድ የማይበልጥ ቁራጭ ሆኖ ይቀራል። እዚያ የተቀረቀረ መኪና ለማውጣት የሚኖረው ጊዜ የሚለካው በደቂቃ ነው።

ይህ ዳርቻ ምን ዓይነት ቦታ እንደሆነ ለቡድኖቼ የማስረዳው በአንድ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1942 መጨረሻ ደነዲን ስታር የተባለች የእንግሊዝ የጭነት መርከብ ከኩኔኔ ወንዝ አፍ ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጉዳት ደርሶባት ወደ ዳር ተጠግታ ተቀመጠች። መንገደኞችና የመርከብ ሠራተኞች ተደምረው ከ100 በላይ ሰዎች ነበሩባት። በሞተር ጀልባ ስልሳ ያህሉ ወደ ዳር ከወጡ በኋላ ጀልባዋ ተሰበረች፤ የቀሩትን ሌሎች መርከቦች መጥተው አነሷቸው። ዳር የወጡትን ለመርዳት ከመጡት አንዷ ጎታች መርከብ ስትመለስ እሷም ዳርቻው ላይ ተሰበረችና ሁለት ባሕረኞቿ ሞቱ። ውሃ ይዞ የመጣው የጦር አውሮፕላን ካረፈ በኋላ አሸዋው ውስጥ ሰመጠ፤ ከብዙ ቀን ቁፋሮ በኋላ ተነስቶ ሲመለስ ደግሞ ባሕር ላይ ወደቀ። በየብስ የተላከው የተሽከርካሪ ጓድ እያንዳንዷን ኪሎ ሜትር በአካፋ እየቆፈረ ነው የደረሰው። ከደነዲን ስታር ሰዎች አንድም አልሞተም። የሞቱት ሊያድኑ ከመጡት ናቸው።

ይህን ታሪክ ያመጣሁት ከእናንተ ጉዞ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ ነው። በቡድን ጉዞ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ስሕተት አንደኛው መኪና ሲሰምጥ ሁለተኛው ሊጎትተው ዱካውን ተከትሎ መግባቱና እሱም አብሮ መስመጡ ነው። ከፊታችሁ ያለው መኪና ሲቀረቀር የኋለኛው ሹፌር ጠንካራ መሬት ላይ እንዳለ ይቁም፤ ሰዎቹ በእግራቸው ይሂዱ። በተለይ ከባሕሩ አጠገብ ያሉት ነጫጭ ሜዳዎች ያታልላሉ፤ ከላይ የደረቀ የጨው ቅርፊት፣ ከሥር ደግሞ ለስላሳ ጭቃ ናቸው። ቅርፊቱ ሰውን ይሸከማል፣ መኪናን ግን አይሸከምም። የሰመጠው ሹፌር ነዳጅ እየሰጠ ጎማውን ካሽከረከረ ራሱ ጉድጓዱን ይቆፍራል። ወዲያው ሞተሩን ያጥፋ፣ ከየጎማው ፊት ያለው አሸዋ በአካፋ ይጠረግ፣ የጎማው ንፋስ እስከ 1.2 ባር ድረስ ይቀነስ፣ ከዚያ በቀስታ በገባበት ዱካ ወደ ኋላ ይውጣ። ንፋሱ የቀነሰ ጎማ ተዘርግቶ ሰፋ ያለ መሬት ስለሚይዝ አብዛኛውን ጊዜ ገመድ እንኳ አያስፈልግም። ጠንካራው መንገድ ላይ እንደወጣችሁ ግን ሌላ ነገር ሳታደርጉ ጎማውን መልሳችሁ ንፉ፤ ለዚህም በየመኪናው ትንሽ ኮምፕሬሰርና ትክክለኛ መለኪያ ይኑር።

ስለ መንገዱ ደግሞ፣ ከስዋኮፕሙንድ ወደ ሰሜን የሚወጣው ሲ 34 በብዙ ክፍሉ «የጨው መንገድ» የሚባለው ነው። ጂፕሰም የበዛበት አፈር ጨዋማ ውሃ እየተረጨበት ይደመደማል፤ ሲደርቅ እንደ አስፋልት ይጠነክራል፣ በጊዜ ብዛትም ጎማ እያሻሸው ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ሰው በዚህ ተታሎ ይፈጥናል። ነገር ግን በባሕሩ ውስጥ ቤንጉዌላ የሚባለው ቀዝቃዛ የባሕር ውሃ ጅረት ስለሚያልፍ በላዩ ያለው አየር እየቀዘቀዘ ጉም ይሆናል፣ ጉሙም በማለዳ ወደ በረሃው ይገባል። ያኔ መንገዱ ሳሙና እንደተቀባ ሰሌዳ ያሟልጫል። ለማወቅ የሚረዳ አንድ ምልክት ልንገራችሁ። መንገዱ ደረቅ ሲሆን ጎማው ድርቅ ያለ የማያቋርጥ ድምፅ ያሰማል፤ እርጥበት ሲይዝ ድምፁ ድንገት ይለዝባል፣ የመስታወት መጥረጊያውም ውሃ ሳይሆን ግራጫ ጨዋማ ሊጥ መጥረግ ይጀምራል። ይህን ሰምታችሁ ስታዩ ፍሬን አትርገጡ፤ እግራችሁን ከነዳጁ አንስታችሁ የመኪናው ፍጥነት ራሱ እንዲቀንስ ተዉት። በዚያ አገር የሚነዳው በግራ በኩል መሆኑም አይረሳ፤ በጉም ውስጥ ደንግጦ ወደ ለመደው ቀኝ የሚጠመዝዝ ሹፌር አጋጥሞኛል።

ከመጠፋፋት በላይ የሚያስፈራኝ የለም ያልኩበትን ምክንያት በራሴ በደረሰ ነገር ላስረዳ። አንድ ጊዜ አራት መኪና ይዘን ከቶራ ቤይ አቅራቢያ ወደ ውስጥ፣ ስፕሪንግቦክዋሰር ወደሚባለው የፓርኩ መውጫ በር፣ የሚታጠፈውን መገንጠያ ስንደርስ ጉም ነበር። እኔ ከፊት ሆኜ ታጠፍኩ፣ ሁለተኛው ተከተለኝ፣ ሦስተኛውና አራተኛው ግን መብራታችንን ስላላዩ ቀጥ ብለው ወደ ቴራስ ቤይ ነዱ። የእጅ ስልክ አይሠራም፣ ሬዲዮውም ርቀቱ ሲሰፋ ዝም አለ። ስህተቱ የእኔ ነበር፤ መገንጠያው ላይ ቆሜ የመጨረሻውን መኪና ዓይኔ እስኪያየው መጠበቅ ይገባኝ ነበር። ከአራት ሰዓታት በኋላ ስንገናኝ ከኋለኞቹ አንዱ ጎማ ፈንድቶበት፣ ክሪኩ ደግሞ የእኔ መኪና ላይ ተጭኖ ነበር። ልብ በሉ፣ ዕቃው ሁሉ ነበረን፤ ዕቃውና ችግሩ ግን በተለያየ ቦታ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ የማልሽረው ሕግ አለኝ። እያንዳንዱ ሹፌር ኃላፊነቱ ከኋላው ላለው መኪና ነው፤ ከፊቱ ላለው አይደለም። በመስታወቱ ከኋላው ያለውን መብራት ካጣ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ አሁንም ካላየ ይቆማል፤ እሱ ሲቆም ከፊቱ ያለውም ያጣውና ይቆማል፣ እንዲህ እያለ ማንም ሳይጮህ ቡድኑ በሙሉ ይቆማል። በማናቸውም መገንጠያ ላይ የታጠፈ መኪና ተከታዩ ማጠፊያውን እስኪይዝ ሳይንቀሳቀስ ይጠብቃል። የፊት መብራት ቀን ከሌት ይብራ። አቧራ ባለበት የጠጠር መንገድ ላይ በመካከላችሁ ያለው ርቀት ሰፊ ይሁን፤ የፊተኛው አቧራ እስኪወርድ ድረስ መራቅ እንጂ አቧራው ውስጥ ገብቶ መከተል በጭፍን መንዳት ነው። ከፊት የሚሄደው መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይሁን፤ ከኋላ የሚዘጋው ደግሞ ከሁሉ የረጋውና ጥገና የሚያውቀው ሹፌር ይሁን። ብዙ ቡድኖች የኋላውን ቦታ ለደካማው ሹፌር ይተዉታል፤ ይህ በእኔ አስተያየት ከባድ ስሕተት ነው። ደካማው ሹፌር ቦታው መሃል ነው።

ሦስት መኪና ይበቃል ወይ ለሚለው፣ ለዘጠኝ ሰው ከሦስት የተሻለ ቁጥር የለም። ስሌቱ ቀላል ነው። አንዱ መኪና ጨርሶ ቢበላሽና ቆሞ ቢቀር ሦስቱ ሰዎች በሁለቱ ፒክአፖች ተከፋፍለው ይሳፈራሉ፤ አሥር መቀመጫ አለና በረሃ ላይ የሚቀር ሰው አይኖርም። በሁለት መኪና ቢሆን ኖሮ አንዱ ሲበላሽ አራት ሰው ይተርፋል። ነገር ግን ይህ ስሌት የሚሠራው ሦስቱም መኪኖች ሰውን ሁሉ ተሸክመው መውጣት ሲችሉ ነው። የቤት አውቶሞቢሉ ጨው መንገዱን ያለ ችግር ይሄዳል፣ በደረቅ ጊዜም እየተጠነቀቀ ወደ ውስጥ የሚገባውን የጠጠር መንገድ ይወጣ ይሆናል፤ ሆዱ ግን ዝቅ ያለ ነው፣ የሚይዘው ስኮርታ ጎማም ብዙ ጊዜ አንድ፣ ያውም ቀጭን ነው። ስለዚህ ልመናዬ፣ አውቶሞቢሉን በሦስተኛ ፒክአፕ ለውጡት። ለእያንዳንዱ መኪና ሁለት ሙሉ ስኮርታ ጎማ፣ የራሱ ክሪክና ከሥሩ የሚነጠፍ ወፍራም ሳንቃ ይኑረው፤ ክሪክ ያለ ሳንቃ አሸዋ ላይ ከቆመ መኪናውን ማንሳቱ ቀርቶ ራሱ ይሰምጣል። መኪናውን ስትረከቡ ቸርኬውን የሚፈታው ቁልፍ በትክክል መግጠሙን እዚያው ግቢ ውስጥ አንድ ቡሎን ፈትታችሁ አረጋግጡ።

ነዳጅን በሚመለከት ከስዋኮፕሙንድ በስተሰሜን መንገዱ ላይ ባለችው በሄንቲስ ቤይ ከተማ ሰልባትዮው እስከ አፉ ይሞላ። ከዚያ እስከ ቴራስ ቤይ ወደ 280 ኪሎ ሜትር አለ። ወደ መገንጠያው ተመልሶ በስፕሪንግቦክዋሰር ወጥቶ ፓልምዋግ ማደያ እስኪደረስ ደግሞ ወደ 200 ገደማ ይጨመራል። የተጫነ ፒክአፕ በጠጠርና በአሸዋ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር ቢበላ ለዚህ መንገድ 70 ሊትር ያህል ይፈልጋል፤ ብዙዎቹ የሚይዙት 80 ሊትር ነውና የቀረው ትርፍ ለአንድ ስሕተት እንኳ አይበቃም። በየመኪናው አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ጨምሩ። ቴራስ ቤይ ነዳጅ ይሸጣል፤ ቢሆንም ለሩቅ ቦታ የሚቀዳ ነዳጅ ሊያልቅ ስለሚችል እንደ ትርፍ እንጂ እንደ ስሌታችሁ አካል አትቁጠሩት።

ውሃው ለመጠጥና ለምግብ በሰው በቀን 5 ሊትር ይሁን። መውጫ አጥታችሁ ሦስት ቀን ብትቆሙ ለዘጠኝ ሰው 135 ሊትር ማለት ነው፤ እሱም በሦስቱ መኪኖች እኩል፣ በየመኪናው 45 ሊትር፣ ይከፈል። አንድ መኪና ላይ የተጫነ ውሃ ከዚያ መኪና ጋር ይጠፋል። በዚህ ዳርቻ ያለው አየር ቀዝቃዛና ጉም ያለበት ስለሆነ ሰው ጥማቱን አይሰማውም፤ ከንፈሩ ሲሰነጠቅና ራሱን ሲያመው ነው የሚያውቀው። ሰዓት ወስናችሁ ጠጡ።

በጃንዋሪ መጓዛችሁ አንድ ጥቅምና አንድ ጣጣ አለው። ጥቅሙ የቶራ ቤይ የድንኳን ሰፈር የሚከፈተው በዲሴምበርና በጃንዋሪ ብቻ መሆኑ ነው። ጣጣው ደግሞ ወንዞቹ ናቸው። መንገዱ ኡጋብን፣ ሁአብን፣ ኮይጋብንና ኡኒያብን ያቋርጣል፤ እነዚህ ዓመቱን በሞላ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ናቸው። በእነዚህ የሙቀት ወራት ግን በስተምሥራቅ ባለው ደጋ ዝናብ ሲጥል፣ ዳር ላይ ሰማዩ ጠርቶ ጠብታ ሳይወርድ፣ ቡናማ ጎርፍ ድንገት ይመጣል። በወንዝ አልጋ ውስጥ ድንኳን አትትከሉ፣ ምሳም አትብሉ። ጎርፉ ከደረሰ አትሻገሩ፤ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ይጎድላል፣ ለዚያ ነው ውሃውን ለትርፍ ቀን የቆጠርነው። በስድስት ቀናችሁ ውስጥም አንዱ ምንም ያልታቀደበት ባዶ ቀን ይሁን።

ስለ ፍጥነት አጭር ነገር ብቻ ልበል። በጠጠር መንገድ ላይ ከ80 አትለፉ፣ ጉም ካለ ከዚያም ዝቅ በሉ። በናሚቢያ ጎብኚዎች መኪና የሚገለብጡት ብዙውን ጊዜ ተጋጭተው አይደለም፤ ልል ጠጠር ላይ ፈጥነው መሪ ሲያዞሩ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከልቤ እለምናችኋለሁ፤ ከተሰመረው መንገድ አትውጡ። ሜዳው ባዶ ይመስላል፣ ለመኪናም የተመቸ ነው፤ ነገር ግን ወርዳችሁ ተንበርክካችሁ ብታዩት ጠጠሩን የሸፈነው ብርቱካንማና ግራጫ ነገር ላይክን የሚባል፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ ሕይወት ያለው ነገር ነው። የሚኖረው ከጉሙ በሚያገኘው እርጥበት ብቻ ስለሆነ እድገቱ እጅግ አዝጋሚ ነው፤ አንድ ጊዜ ጎማ የሄደበት ዱካ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላም ይታያል። ዳማራ ተርን የምትባለው ትንሽ የባሕር ወፍም በእናንተው የጉዞ ወቅት እንቁላሏን እዚያው ጠጠር ላይ፣ ያለ ጎጆ፣ ትጥላለች፤ እንቁላሉ ጠጠር ስለሚመስል ሹፌር ሳያየው ይጨፈልቀዋል። እኔ አንድ ጊዜ ሁለት ሜትር ላይ ቆሜ እናቲቱ በራሴ ዙሪያ እየጮኸች ሳለ እንኳ እንቁላሉን ለማየት ረጅም ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ሰዓት ማክበርን በሚመለከት፣ ወደ ፓርኩ የሚገባው በደቡብ በኩል ኡጋብሙንድ ላይ በሚገኘው በር ነው። የአላፊ መንገደኛ ፈቃድ እዚያው ይሰጣል፤ ቶራ ቤይ ወይም ቴራስ ቤይ የሚያድር ግን አስቀድሞ ቦታ የያዘበትን ማረጋገጫ ያሳያል። ከሰዓት በኋላ አርፍዶ የደረሰ አይገባምና ከቀትር በፊት በሩ ላይ ሁኑ። ከስዋኮፕሙንድ እስከ በሩ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በመንገዱ ላይ ኬፕ ክሮስ በሚባለው ቦታ ሲል የሚባሉትን የባሕር አውሬዎች ለማየት ከቆማችሁ ጠዋት በማለዳ መነሳት ግድ ነው። ፖርቱጋላዊው ዲዮጎ ካኦ እ.ኤ.አ. በ1486 የድንጋይ መስቀል ያቆመው በዚያ ቦታ ነበር፤ ዛሬ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ፀጉራም የባሕር አውሬዎች ተኝተውበታል፣ ሽታቸውም ልብስ ላይ እስከ ማታ ይከተላል። በሰነዶች ላይ ሰዓቱ ለምሳሌ 15፡00 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት መሆኑን ከዘጠኛችሁ አንዱ ተሳስቶ እንዳይነዳ ተነጋገሩበት።

ከመነሳታችሁ በፊት ሳትነታረኩ የምትወስኑት ሌላው ጉዳይ የመጨረሻ ቃል የማን ነው የሚለው ነው። ዘጠኝ ጓደኛ እኩል ድምፅ ይዞ ጎርፍ ዳር ከቆመ ከሁሉ የቸኮለው ያሸንፋል። አንድ መሪ ምረጡ፤ በዚያ ላይ ይህን ስምምነት ጨምሩ፦ ከዘጠኙ ማንም አንድ ሰው «እንመለስ» ካለ ምክንያቱን ሳይጠየቅ ትመለሳላችሁ። «እንቀጥል» ለማለት ግን የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ መሪው ይወቅ፤ መድኃኒቱም ለሁለት ተከፍሎ በሁለት መኪና ይያዝ፤ ደህና ሆስፒታል የምታገኙት ስዋኮፕሙንድ ወይም ዋልቪስ ቤይ ተመልሳችሁ ነውና።

ቢያንስ አንድ የሳተላይት ስልክ ተከራዩ፤ እሱም መሪው ሳይሆን ከኋላ የሚዘጋው ሹፌር ዘንድ ይቀመጥ፣ ምክንያቱም ችግር የደረሰበትን መኪና መጀመሪያ የሚያገኘው እሱ ነው። ስዋኮፕሙንድ ለሚቀር ወይም አገር ቤት ላለ አንድ ሰው መንገዳችሁን፣ የሦስቱን መኪኖች ሰሌዳ ቁጥርና ፓልምዋግ የምትደርሱበትን ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ ስጡት፤ ከዚያ ሰዓት በኋላ 12 ሰዓት ሙሉ ድምፃችሁን ካልሰማ ለማን እንደሚደውልም ጨምራችሁ ጻፉለት። ፓልምዋግ ስትደርሱ ነዳጅ ከመቅዳታችሁም፣ ቀዝቃዛ ነገር ከመጠጣታችሁም በፊት የኋላው ሹፌር ስልኩን አውጥቶ ይደውልለት።